ድሃው ብቻ እንዳይመርጥ የሚከለክል ሕግ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለእኛ አንድ ሰፈር ናቸው። «አክስቴ ዲሲ ናት» እንላለን፤ አድራሻዋ ሲጠየቅ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ሆኖ ይገኛል። ትራፊክ ከሌለ ከአንዱ ወደ ሌላው ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው፤ በሥራ መውጫ ሰዓት ከመገናኛ ጦር ኃይሎች ከመሄድ ይቀላል። ሐበሻው እየተሻገረ ይሠራል፣ እየተሻገረ ያስቀድሳል፣ እየተሻገረ ዕቁብ ይጥላል። ልጅ ትምህርት ቤት የማስገባት ጉዳይ ሲመጣ ግን ሦስቱ ሦስት የተለያዩ አገሮች ይሆናሉ።

ዲሲ ውስጥ በመንግሥት ወጪ ከሚማሩት ልጆች ግማሽ የሚጠጉት ቻርተር ትምህርት ቤት ውስጥ ናቸው። ሜሪላንድም ቻርተር አላት፤ አብዛኞቹ ግን ባልቲሞር ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ቻርተር ማለት ብርቅ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ በመላው ግዛት ያሉት በጣት ይቆጠራሉ።

የቨርጂኒያ ወላጅ ከዲሲ ወላጅ ያነሰ ለልጁ ስለሚያስብ አይደለም። ልዩነቱ ሕጉ ነው። ኮንግረስ በ1996 ለዲሲ ያጸደቀው ሕግ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቻርተር የሚፈቅድና የሚቆጣጠር ራሱን የቻለ ቦርድ እንዲኖር በር ከፈተ። ቨርጂኒያ በ1998 ያወጣችው ሕግ ግን የመጨረሻውን ቃል ለየአካባቢው የትምህርት ቦርድ ሰጠ። ማለትም አዲሱ ትምህርት ቤት ተማሪ ይወስድብኛል ብሎ ለሚሰጋው ተቋም። ሜሪላንድም በ2003 ሥልጣኑን በዋናነት ለአካባቢ ቦርዶች ነው የሰጠችው። ውጤቱን ከላይ ቆጠርኩላችሁ።

ለማታውቁት፣ ቻርተር ትምህርት ቤት ማለት ገንዘቡ የመንግሥት፣ አስተዳደሩ የራሱ የሆነ ትምህርት ቤት ነው። ወላጅ አይከፍልም። ሃይማኖት አይሰበክበትም። መምህር ሲቀጥር፣ የትምህርት ሰዓት ሲያረዝም፣ በጀቱን ሲደለድል ከላይ ትእዛዝ አይጠብቅም። በምላሹ ከፈቃድ ሰጪው ጋር ለተወሰነ ዓመት ውል ይፈርማል፤ ቻርተር የሚባለውም ራሱ ውሉ ነው። ቃል የገባውን ካላመጣ ውሉ አይታደስም። ካለው ቦታ በላይ ልጅ ከተመዘገበ ደግሞ «ይሄ ጎበዝ ነው፣ ያቺ ሰነፍ ናት» ብሎ አይመርጥም፤ ዕጣ ያወጣል።

ሐሳቡን በ1988 አገር እንዲሰማው ያደረገው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የመምህራን ማኅበር መሪ! አልበርት ሻንከር የሚባል፣ ከአሜሪካ ትልልቅ የመምህራን ማኅበራት አንዱን የሚመራ ሰው። መምህራን ራሳቸው አዲስ ነገር የሚሞክሩበት ቦታ ይሁን ብሎ ነበር ያነሳው። በኋላ ሐሳቡ ከእጁ ወጥቶ ሌላ መልክ ሲይዝ ራሱ ተቃዋሚ ሆነ። የመጀመሪያውን ሕግ በ1991 ያወጣችው ሚኒሶታ ናት፤ በዓመቱ ሴንት ፖል ከተማ ላይ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ያ ሕግ በመላው ግዛት እንዲኖሩ የፈቀደው ስንት ትምህርት ቤት መሰላችሁ? ስምንት። ጣሪያው ከሐሳቡ ጋር አብሮ ነው የተወለደው።

እኔ የምቃወመው ይሄን ጣሪያ ነው። ቁጥጥሩን አይደለም፣ ፈተናውን አይደለም፣ ኦዲቱን አይደለም። «ጥሩም ሁን መጥፎ፣ ቁጥሩ ሞልቷል» የሚለውን ሕግ ነው።

ምክንያቴ ከዕጣው ይጀምራል። እኛ ዕጣ እናውቃለን። የኮንዶሚኒየም አለ፣ የዲቪ አለ፣ የዕቁብ አለ። በ97 ተመዝግቦ ዛሬም የሚጠብቅ ጎረቤት የሌለው የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ለኢኮኖሚስት ግን ዕጣ ከዕድል በላይ ነገር ነው። አስቡት፦ አንድ ትምህርት ቤት ጥሩ ውጤት ቢያመጣ «ቀድሞውንም ጎበዝ ልጆች፣ ንቁ ወላጆች ስለሄዱበት ነው» ማለት ይቻላል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዕጣ ሲወጣ ግን የደረሰውም ያልደረሰውም ለዚያው ትምህርት ቤት ያመለከተ ነው፤ የሁለቱም ወላጅ ንቁ ነው። የለያቸው የሎተሪው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ በሁለቱ መሃል ልዩነት ከታየ፣ ልዩነቱን ያመጣው ትምህርት ቤቱ ነው ማለት ይቻላል። (የእኛንም የኮንዶሚኒየም ዕጣ ኢኮኖሚስቶች በዚሁ ዘዴ አጥንተውታል። ለተመራማሪ አሪፍ ዳታ ነው፤ ለተመዝጋቢው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።)

በ2021 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ከተጋሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ጆሹዋ አንግሪስት ነው። እሱና ባልደረቦቹ የቦስተንን የቻርተር ዕጣ በዚህ መንገድ ለዓመታት አጥንተዋል። ያገኙት ቀልድ አይደለም። ዕጣ የደረሳቸው ልጆች በተለይ በሒሳብ ካልደረሳቸው በብዙ በለጡ። በኋላም በኮሌጅ መግቢያው በኤስኤቲ ፈተና የተሻለ ነጥብ አመጡ፤ ከሁለት ዓመት ኮሌጅ ይልቅ ወደ አራት ዓመቱ የመግባት ዕድላቸው ከፍ አለ። እነዚህ ልጆች በአብዛኛው የድሃ ቤተሰብ ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው የከተማ ልጆች ናቸው።

እዚህ ላይ ሐቁን ሙሉ ልንገራችሁ። በዚያው በማሳቹሴትስ ግዛት ከከተማ ውጭ ባሉት ቻርተሮች ላይ ይሄ ጥቅም አልታየም፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ ከመደበኛው ትምህርት ቤት ያነሱ ነበሩ። ቻርተር የሚለው ስም በራሱ ተአምር አይሠራም ማለት ነው። ጥቅሙ የታየው መደበኛው ትምህርት ቤት ልጆችን በጣላቸው ቦታ ነው። ጣሪያው አናት ላይ የሚያርፈውም እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ማሳቹሴትስ በ2016 ጉዳዩን ለሕዝበ ውሳኔ አቀረበችው። በዓመት እስከ 12 አዲስ ቻርተር ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ሁለቱም ወገን ገንዘብ እንደ ጉድ አፈሰሰ። መራጩ 62 በመቶ ገደማ «አይፈቀድ» አለ። በሀብታሞቹ የከተማ ዳርቻዎች ብቻ ቢሆን ኖሮ «ጥጋብ ነው» ብዬ አልፈው ነበር፤ ግን ቦስተን ራሷም አይሆንም ብላለች። ብዙ ሰው የፈራው «የልጄ ትምህርት ቤት ገንዘብ ያጣል» የሚለውን ነው። ወደዚህ ፍርሃት እመለስበታለሁ፤ ባዶ ፍርሃት አይደለም።

ኒው ዮርክ ደግሞ ሌላ ድራማ ናት። በ1998 ሕጉ ሲወጣ ጣሪያው 100 ነበር፣ ከዚያ 200፣ በ2010 ደግሞ 460 ሆነ። ለኒው ዮርክ ከተማ ከዚህ ውስጥ የተቆረጠው ድርሻ በ2019 አለቀ። ከዚያ በኋላ የፈለገ ጥሩ ዕቅድ ይዘህ ብትመጣ፣ የፈለገ ወላጅ ቢሰለፍ፣ በቃ የለም። በ2023 ገዥዋ ካቲ ሆኩል የከተማዋ ድርሻ ገደብ እንዲነሳ በበጀት ረቂቋ ላይ ሐሳብ አቀረበች። ወራት ከፈጀ ጭቅጭቅ በኋላ ለከተማዋ የተፈቀደው ስንት ነው? 14። እነሱም አዲስ ፈቃድ አይደሉም፤ ቀድሞ ተሰጥተው የተዘጉ ወይም የተመለሱ ፈቃዶች ናቸው። አሜሪካኖቹ «ዞምቢ» ይሏቸዋል፤ ሞተው የተነሱ። ከስምንት ሚሊዮን በላይ ሰው ለሚኖርበት ከተማ፣ ትምህርት ቤት ለመክፈት ሌላ ትምህርት ቤት እስኪሞት መጠበቅ!

ካሊፎርኒያ ይበልጥ ብልጥ መንገድ መረጠች። በጥር 2019 የሎስ አንጀለስ መምህራን ለስድስት የትምህርት ቀናት ሥራ አቆሙ። ከጥያቄያቸው አንዱ የቻርተር መስፋፋት ይገታ የሚል ነበር። በዚያው ዓመት በመላው ግዛት ጣሪያ የሚያስቀምጥ ረቂቅ ቀርቦ ሳይሳካ ቀረ፤ ሌላኛው ረቂቅ ግን ጥቅምት ላይ በገዥው ጋቪን ኒውሰም ተፈርሞ ሕግ ሆነ። በዚህ ሕግ መሠረት የአካባቢው የትምህርት አስተዳደር የቻርተር ማመልከቻ ሲቀርብለት «ይሄ ትምህርት ቤት ቢከፈት የእኔን በጀት ይጎዳል» ብሎ መከልከል ይችላል።

ይሄን በእኛ ቋንቋ ላውራው። ራይድ ሥራ ሊጀምር ሲል ፈቃድ የሚሰጡት የሰማያዊ ላዳ ሾፌሮች ቢሆኑ፣ መከልከያውም «ገበያዬን ይወስዳል» የሚል ቢሆን ዛሬ ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ይኖር ነበር? በላዳ ሾፌሮች አልፈርድም፣ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉበት ሥራ ነው። ዳኛ አድርጎ ያስቀመጣቸው ሕግ ግን አበድ ነው።

አሁን ዋናው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። እነዚህ ሕጎች «የትምህርት ቤት ምርጫን» የሚገድቡ ይባላሉ። አይገድቡም። የአንድ ወገን ምርጫ ብቻ ነው የሚገድቡት።

አሜሪካ ውስጥ ልጅህ የሚማርበት የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚወሰነው በአብዛኛው ቤትህ ባለበት ቀጠና ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ትምህርት ቤት የሚመርጠው በቤት ደላላ በኩል ነው። ሳንድራ ብላክ የተባለች ኢኮኖሚስት በ1999 ባሳተመችው ጥናት በዚያችው በቦስተን ዙሪያ ባሉ የከተማ ዳርቻዎች በትምህርት ቤት ቀጠና ድንበር ግራና ቀኝ ያሉ ቤቶችን ዋጋ አነጻጸረች። መንገድ ብቻ የሚለያቸው፣ ሰፈራቸው አንድ የሆነ ቤቶች ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ የፈተና ውጤት 5 በመቶ ከፍ ሲል ወላጆች ለቤቱ 2.5 በመቶ ገደማ ጨምረው እንደሚከፍሉ አገኘች። ይሄ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ደረሰኙ ላይ «ቤት» ተብሎ ተጻፈ እንጂ።

ይሄን መክፈል የሚችል ሰው ምርጫውን ማንም ሕግ አይነካውም። «የሀብታም ሰፈር ቤት የሚገዛ ቤተሰብ ቁጥር ከ460 አይበልጥም» የሚል ረቂቅ ያቀረበ ምክር ቤት ሰምታችኋል? የግል ትምህርት ቤት ከፋዩንም ማንም አይነካውም። የማይችለው ግን ሁለት መንገድ ብቻ ነው ያለው። ወይ ዕጣ፣ ወይ መዋሸት። በ2011 ኦሃዮ ውስጥ አንዲት እናት የአባቷን አድራሻ ተጠቅማ ሁለት ሴት ልጆቿን የተሻለ ቀጠና ውስጥ በማስተማሯ ተከሳ ዘጠኝ ቀን ታስራለች። እኛ አገር የሌላ ክፍለ ከተማ መታወቂያ ማውጣት ስንት ነገር እንደሚያቀል የምታውቁ፣ ለምን እንዳደረገችው አትጠይቁኝም።

ዲሲ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለች፤ ከእኔ በብዙ ስለምትበልጥ እትዬ ነው የምላት። ማታ ማታ አረጋውያንን ትንከባከባለች፣ ባለቤቷ ኡበር ይነዳል። ባለፈው ዓመት ትንሹ ልጇ ትምህርት ሊጀምር ሲል በዋትስአፕ ደወለች። ዲሲ ላይ ለቻርተሩም ከሰፈር ውጭ ላለው መደበኛ ትምህርት ቤትም የሚወጣው ዕጣ አንድ ነው፤ ማይ ስኩል ዲሲ ይባላል። አንድ ቤተሰብ እስከ 12 ትምህርት ቤት በቅደም ተከተል መሙላት ይችላል።

«አንተ ኢኮኖሚክስ ተምረህ የለ? ቁማሩን አስላልኝ» አለችኝ። ብዙ ሰው የሚፈልገውን አንደኛ ካደረገች ዕድሏ የሚቃጠል መስሏት ሁለተኛ ምርጫዋን ወደ ላይ ልታወጣ ነበር።

«እትዬ፣ ምንም ስሌት የለውም፤ በምትወጂው ቅደም ተከተል ብቻ ሙዪው» አልኳት። እውነቴን ነው። የዕጣው ስልት በ2012 ኖቤል በተጋራው በአልቪን ሮት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የልብህን ብትጽፍ እንደማትጎዳ ሆኖ ነው የተሠራው። አራት ዓመት ሙሉ ተምሬ ለዘመድ የጠቀምኩበት ብቸኛው ትምህርት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ልጁ ሦስተኛ ምርጫዋ ላይ ደረሰው። አሌክሳንድሪያ ያለችው እህቷ ግን ይሄን ሁሉ ስትሰማ «እኛ እኮ የምንሞላው ፎርም እንኳን የለንም» ነው ያለችው። የሁለቱም ገቢ ያው ነው፣ ሥራቸውም ያው ነው። በመካከላቸው ያለው የፖቶማክ ወንዝና ሕግ ነው።

ወደ ገንዘቡ ፍርሃት ልመለስ። ተቃዋሚዎች የሚሉት እንዲህ ነው፦ አንድ ልጅ ወደ ቻርተር ሲሄድ ለእሱ የተመደበው ገንዘብ አብሮት ይሄዳል። ነገር ግን ከአንድ ትምህርት ቤት ሃያ ልጅ ቢሄድ ከየክፍሉ ሁለት ሦስት ነው የሚጎድለው። መምህሩ ያው አንድ ነው፣ ማሞቂያው ያው ነው፣ አውቶቡሱም ያንኑ መንገድ ይሄዳል። ወጪው ሳይቀንስ ገቢው ቀነሰ። የሚጎዳው ደግሞ እዚያው የቀረው ልጅ ነው። ቋሚ ወጪ የሚባለውን ነገር የተማረ ሰው ይሄን «ወሬ ነው» ሊል አይችልም።

ግን ይሄ የሽግግር ችግር ነው፤ መድኃኒቱም የሽግግር ገንዘብ ነው። ማሳቹሴትስ ራሷ አላት፦ ልጆች ወደ ቻርተር ሲሄዱ ግዛቱ ለቀድሞው አስተዳደር የተወሰነውን ገንዘብ ለጥቂት ዓመታት ይተካለታል፣ ወጪውን እስኪያስተካክል። እዚያው ግዛት የቻርተር መስፋፋት በቀሩት ልጆች ላይ ምን እንዳመጣ ያጠኑት ማቲው ሪድሊና ካሚል ቴሪዬ፣ በመደበኛው ትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ የሚወጣው ወጪ ከፍ ማለቱንና የልጆቹም ውጤት አለመውደቁን፣ እንዲያውም ትንሽ መሻሻሉን አግኝተዋል። የሚተካው ገንዘብ ይቆራረጣል፣ አይበቃም የሚል ካለ፣ ይብቃ ብለን አብረን እንጩህ። ለበጀት ጉድለት መልሱ ልጁን ባልፈለገበት ወንበር ላይ አስሮ ማስቀመጥ ነው የሚለው ግን ለእኔ አይገባኝም። ልጁ የበጀት መሙያ አይደለም።

ሌብነቱስ? አለ። በ2019 ሳን ዲዬጎ ላይ 11 ሰዎች ተከሰዋል። ኤ ስሪ በሚባል የኢንተርኔት ቻርተሮች መረብ በኩል፣ ትምህርት ቤቱን ጭራሽ የማያውቁ ልጆችን ሳይቀር እየመዘገቡ ከግዛቱ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ወስደዋል ተብለው ነው። የኢንተርኔት ቻርተር ነገር በጥቅሉ ያሳፍራል። ክሬዶ የተባለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የጥናት ማዕከል በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በአጠቃላይ የቻርተር ልጆች መሰል የመደበኛ ትምህርት ቤት ልጆችን በዓመት በንባብ 16፣ በሒሳብ 6 የትምህርት ቀን ያህል ይበልጣሉ። ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት የሚያስተምሩት ግን በንባብ 58፣ በሒሳብ 124 ቀን ወደ ኋላ ናቸው። 124 ቀን ማለት ከትምህርት ዓመቱ ከግማሽ በላይ ነው። ይሄ ትምህርት ቤት አይደለም።

ይዘጋ! እኔ ተቃውሞ የለኝም። ያው ክሬዶ በ2009 ባወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ጥናቱ በሒሳብ ከመደበኛው የተሻሉት ቻርተሮች 17 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ 37 በመቶው የባሱ ነበሩ። ያኔ ጽፌ ቢሆን ኖሮ (አንደኛ ደረጃ ነበርኩ) ከተቃዋሚዎቹ ጋር ሳልቆም አልቀርም። ከዚያ ወዲህ ደካሞቹ ሲዘጉና የቀሩት ሲሻሻሉ አጠቃላዩ ቁጥር ተቀየረ። መዝጋት ይሠራል ማለት ነው። የጣሪያው ችግር ግን ማንንም አይዘጋም። የኒው ዮርክ 460 ለሌባውም ለጎበዙም እኩል ወንበር ነው፤ ቀድሞ የገባ ሌባ ይቀመጣል፣ ዘግይቶ የመጣ ጎበዝ ደጅ ይቀራል። እንዲያውም ውድድር ስለማይመጣበት የገባውን ይጠብቀዋል።

መዝጋትም ቢሆን ያማል። ነሐሴ 2024 ዲሲ ውስጥ አንድ ቻርተር ትምህርት ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ተዘግቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልጆች ትምህርት ቤት ፍለጋ ተበትነዋል። የገንዘብ ችግሩ ቀድሞ ይታይ ነበር፤ ተቆጣጣሪው ቦርድ ዘገየ። እንዲህ ዓይነቱን ሕግ ያጥብቅልኝ፦ የሚዘጋ ካለ በጥር ይታወቅ፣ ልጆቹ በቀጣዩ ዕጣ ቅድሚያ ያግኙ። ደካማ ተማሪን በዘዴ የሚገፋ ትምህርት ቤት አለ ይባላል፤ አለም። ስንት ልጅ በዓመቱ መሃል እንደለቀቀ በየወሩ ያሳውቅ፣ በለቀቀው ወንበርም ከተጠባባቂ ዝርዝር ልጅ ያስገባ። «ማኅበረሰቡ በየራሱ ትምህርት ቤት ይከፋፈላል» የሚለው ስጋት እኛን ቶሎ ያስደነግጠናል፣ በምክንያት። ሚኒሶታ ውስጥ የሶማሌና የሞንግ ስደተኞች የመሠረቷቸው ቻርተሮች አሉ። ነገር ግን ቀጠናው በቤት ዋጋ አስቀድሞ ለያይቶ ያስቀመጣቸውን ልጆች፣ ቻርተር ለያያቸው ብሎ መክሰስ ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

አንዳንዶቻችሁ «አዲስ አበባ ቁጭ ብለህ ስለ አሜሪካ ትምህርት ቤት ምን አገባህ?» ትሉኛላችሁ። ዘመዶቻችን ስላሉበት አንዱ ነው። ሌላው፣ እኛ ምርጫ በገንዘብ ብቻ ሲሆን ምን እንደሚመስል በደንብ ስለምናውቅ ነው። በየክረምቱ የግል ትምህርት ቤት ክፍያ ጨመረ ሲባል ቤት ውስጥ የሚወራውን ወሬ ታውቁታላችሁ። ከፍሎ የሚያስተምር ይመርጣል፤ ሌላው የደረሰውን ይቀበላል። በ2015 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) በ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆን «የት ነው ታዲያ ልጄን የማስገባው?» ያላለ ወላጅ አልነበረም። መልስ የነበረው ግን ባንክ ውስጥ ገንዘብ ላለው ነው። ዲሲ ላይ እትዬ ያለ ብር አሥራ ሁለት አማራጭ ስትሞላ ሳይ የቀናሁት ለዚህ ነው። ይሄን ያገኙ ሰዎች ምክር ቤት ገብተው ቁጥሩን ሲቆጥሩ ሳይ ደግሞ የምናደደው ለዚሁ ነው።

ዲሲ ዘመድ ያላችሁ ይሄን አስተላልፉልኝ። የቀጣዩ ዓመት ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ዲሴምበር አጋማሽ ይከፈታል፤ ለሁለተኛ ደረጃ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ፣ ለታናናሾቹ ማርች መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፣ ውጤቱ ማርች መጨረሻ ገደማ ይወጣል። ከተማዋ አማርኛ ተናጋሪን በቋንቋው የማገልገል የሕግ ግዴታ ስላለባት «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» ብለው አይተዉት። በቅደም ተከተሉ ላይም አይራቀቁ፤ ከልብ የወደዱትን አንደኛ፣ ቀጥሎ የወደዱትን ሁለተኛ እያሉ አሥራ ሁለቱንም ይሙሉት።